የሰፈር ደን ጠባቂ ኮሚቴ እንዴት ይመራል?

ኮምቦልቻ ነኝ፣ ከየጎፍ ተራራ ግርጌ። የሰፈራችንን የተከለለ ተዳፋት የሚጠብቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ሥራው የሚሳካው በችግኝ ሳይሆን በሰው ነው።

አዲስ ስብሰባ አትጥሩ። ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ አለላችሁ። ወሎ ውስጥ ከቅሬ የሚቀር የለም፤ ቀባሪውን ማን ያስቀይማል? የደኑን ደንብ እዚያው አስነብቡና አጸድቁ።

ደንቡን ግን ቁጭ ብላችሁ አትጻፉ። መጀመሪያ ከእንጨት ለቃሚዎቹ ጋር ውጡ። እኔ አንዲት እናት ተከትዬ ወጣሁ። የተቆረጠ ወይራ አሳየችኝ፤ ከጉቶው አውራ ጣት የሚያክሉ አምስት ቀንበጦች ወጥተዋል። አጠገቡ የጥድ ጉቶ አለ። ግራጫ፣ ደረቅ፣ ምንም የለውም። «ወይራ ይመለሳል፤ ጥድ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው» አለችኝ። ደንባችን ከዚያ ወጣ። ደረቅ ጭራሮ ለሁሉም፣ ለጠላ ጋን ማጠኛ የሚሆን የወይራ ቅርንጫፍ በፈቃድ። ጥድ ላይ መጥረቢያ አያርፍም።

ከብት አታስገቡ፤ ችግኝ ይረግጣል። ሣሩ ታጭዶ በሸክም ይውጣ። ክፍፍሉ በዕጣ ይሁን፣ በአደባባይ፣ አቅመ ደካሞች ቀድመው። ሣር ያልደረሰው ሰው ደን አይጠብቅላችሁም።

የቅጣት ነገር ከባዱ ነው። የወንድሜ ልጅ ሁለት ጥድ ቆርጦ ተያዘ። እናቱ ቤቴ መጥታ «አንቺ እያለሽማ ልጄ አይቀጣም!» አለች። አንጀቴ ተላወሰ። ግን ቅሬው ፊት አቆምኩት፤ ከፈለ። ሁለት ወር አኮረፈችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጎረቤቱ የገዛ ዘመዱን ጥፋት ራሱ እየመጣ ይነግረን ጀመር። የሰብሳቢ ዘመድ ካመለጠ ግን ደንቡ ወረቀት ነው።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፣ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። ወሰናችሁን ከቀበሌው ጋር ለክታችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ።

ክረምት ላይ የተተከለውን ሁሉም ይቆጥራል። እናንተ ጥር ላይ ውጡ። የቆመውን ከደረቀው ለይታችሁ ቁጠሩ፤ የደረቀውንም ሳትደብቁ ቅሬው ፊት አንብቡት። እኛ እንደዚያ ስናነብ ነው አንድ አባት ተነስተው «ታች ያለውን እኔ በጄሪካን አጠጣለሁ» ያሉት።