ሞተርሳይክልን ወደ ባለሦስት ጎማ የሚቀይር ዕቃ ሲመርጡ
ረጅም መንገድ የሚጓዙበትን ሞተርሳይክል ባለሦስት ጎማ ለማድረግ ያሰቡ ሁሉ፣ ከቀለሙና ከሻንጣው ስፋት በፊት የኋላውን አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚይዘውን ዘንግ) እንዲመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ወጥ አክስል፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ዘንግ የሚያያይዘው፣ አሠራሩ ቀላል ቢሆንም፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውንም ስለሚያናውጥ፣ በተለይ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ምቾት ሲባል፣ ሁለቱ ጎማዎች በየራሳቸው ሞላ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚሉበት ይሻላል። ባለሦስት ጎማ በኩርባ ላይ እንደ ሞተርሳይክል ስለማያጋድል መሪው ይከብዳል፤ ስለዚህ የፊት ሹካውን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ክፍል) ማዕዘን የሚለውጠው ተጨማሪ ዕቃ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ይጠይቁ። የእጅ ፍሬንም አይዘንጋ፤ ዳገት ላይ ለማቆም የግድ ነው። ሆንዳ ጎልድዊንግ የተባለው የረጅም መንገድ ሞተርሳይክል ባለቤቶች ደግሞ፣ ሞዴሉ በ2018 እ.ኤ.አ. ከነፊት ሹካው እንደ አዲስ ስለተሠራ፣ ለቀድሞዎቹ የተዘጋጀውን ዕቃ እንዳይገዙ ይጠንቀቁ።