በጁገል አንድ ቀን ገበያ ለመዋል

ሐረር ለገበያ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በዋጋ ሳይሆን በሰዓት ነው። ከድሬዳዋ ረፋዱ ላይ ይነሣል፤ 55 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በደንገጎ አቀበት አዝግሞ፣ አወዳይ ላይ በጫት ገበያው ግርግር ተይዞ በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጁገል፣ ሲገባ ቀትር ሆኗል። በዚያን ሰዓት የገጠሯ ባለወተት ሸጣ ጨርሳ ተመልሳለች፣ ፍራፍሬው ተመርጦ ጥሩ ጥሩው ሄዷል፣ ጥቂት ቆይቶም ባለሱቁ ጫት ለመቃም፣ ለበርጫ፣ ይቀመጣል። ከተማይቱ ቀኗን የምታውልበት የራሷ ሥርዓት አላት፤ በዚያ ሥርዓት የሄደ ሸማች የሚፈልገውን ካመረተው ወይም በእጁ ከሠራው ሰው ላይ፣ ያለ ጥድፊያ መግዛት ይችላል። እኔም ቀኑን በዚያው ቅደም ተከተል አስኬደዋለሁ።

በመጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ። አርብ በጁምዓ ሰላት ሰዓት ብዙ ሱቆች ስለሚዘጉ የቀኑ መካከል ይባክናል። በረመዳን ወር ቀን ላይ ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ነገር ግን ማፍጠሪያው ሲቃረብ የሳምቡሳና የባጊያ መጥበሻዎች በየመንገዱ ዳር ስለሚወጡ፣ ለምግብ ብሎ ለሚመጣ ሰው ያን ጊዜ የሚስተካከል የለም። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሐረሪዎች የሸዋሊድ በዓል ሲሆን ግን ለማየት እንጂ ለመሸመት አይምጡ፤ ልብስ ሰፊው ሁሉ ሥራ በዝቶበት አዲስ ትእዛዝ አይቀበልም።

ከቤት ሲወጡ ሰፋ ያለ ዘንቢል፣ በቂ ዝርዝር ብር፣ ትንሽ ማግኔትና አንድ ነጭ መሐረብ ይያዙ። ሱቆቹ ቴሌብር ይቀበሉ ይሆናል፤ መሬት ላይ ዘርግታ ለምትሸጠው የገጠር ሴት ግን ጥሬ ገንዘብ ይሻላታል፤ ትልቅ ኖት ይዞ መልስ እንድትፈልግ ማስጨነቅም ተገቢ አይደለም። የመሐረቡን ነገር ወደ ሣር ስፌቱ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሸዋ በር ይድረሱ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት ግንብ ጥንታዊ አምስት በሮች አንዱ ሲሆን፣ ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ በማለዳ ይሞላል። ከአካባቢው ገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች አትክልቱንና ፍራፍሬውን በመደብ በመደብ አድርገው ይደረድሩታል። ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ግሽጣና ፓፓያ እንደየወራቸው ይገኛሉ፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ የቁልቋል ፍሬ እሾኹ ተጠርጎ፣ ልጣጩ እዚያው ተገፍፎ ይሸጣል። ዋጋው በመደብ ስለሆነ የአንዱን ፍሬ ዋጋ መጠየቅ አይለመድም፤ መደቡን ገዝተው ሲጨርሱ «ምርቃት ይጨምሩልኝ» ማለት ግን ያለ ወግ ነው። አንድ ሁለት ፍሬ በፈገግታ ይጨመርልዎታል፤ ያ ምርቃት ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ለሻጯም ለገዢውም ደስ ያሰኛል።

ለውዝ ሲገዙ የባቢሌ መሆኑን ይጠይቁ። ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ለውዟ በመላው አገር ይታወቃል። ከተቆላው ይልቅ ከነቅርፊቱ ያለውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቅርፊቱን ሰብሮ ማየት ይቻላል። ፍሬው የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ከሆነ ርካሽ ነው ብለው አይውሰዱት፤ በለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ጤናን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የግመል ወተት ደግሞ መያዣው በጭስ ስለሚታጠን ለአፍንጫ አዲስ የሆነ ሽታ አለው፤ ያ ብልሽት አይደለም። ሆኖም ጥሬውን አይጠጡ፤ የሚያፈሉበት ቦታ ከሌለዎት በግመል ወተት የተፈላ ሻይ የሚሸጥበት ቤት ገብተው ከፈጢራ ወይም ከፉል ጋር ቁርስዎን ያድርጉት።

ከቁርስ በኋላ ወደ ጁገል ውስጥ ዘልቀው ፈረስ መጋላ አደባባይ ሲደርሱ፣ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ የሚወርደውን ጠባብ መንገድ ይያዙ። ስሙ መኪና ግርግር ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ያወጣለት ስም ነው። ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ይሠራሉ፤ ከጎናቸው ያሉት ሱቆች ጨርቁን ይሸጣሉ። ሽቲ፣ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ ወይም የጠረጴዛ ጨርቅ ማሰፋት ከፈለጉ በዚህ ሰዓት ልኩን ሰጥተው፣ ዋጋ ቆርጠው፣ ጥቂት ቀብድ ከፍለው ይለፉ፤ ሲመለሱ ያገኙታል። ይህን ለከሰዓት የሚያቆይ ሰው ዕቃው ለነገ ይተርፍበታል።

በጊድር መጋላ ቅመም፣ አብሽ፣ ሄል፣ ቅርንፉድና ዕጣን በየዓይነቱ አለ። ዕጣን ሲመርጡ ጠጠሩ የጠራና ከአፈርና ከቅርፊት የጸዳ መሆኑን ይመልከቱ፤ ሻጩም ፍም ላይ ጥቂት ቢያጤስልዎ አይከፋውም። ሥጋ የሚገዙ ከሆነ ከመደብሩ ሳይወጡ በደንብ ይሸፍኑት፤ በገበያው ሰማይ ላይ የሚዞሩት ጭላቶች ከእጅ ላይ መንጠቅ የለመዱ ናቸው፤ ልጆችም የያዙትን ሲነጠቁ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሣር ስፌቱ ልምጣ፤ እኔ ለሐረር ገበያ ያለኝ ፍቅር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የሐረሪ ስፌት የሚታየው ከሱቅ ይልቅ በቤት ውስጥ ነው። በባህላዊው ቤት፣ በጌይ ጋር፣ ከቀይ መደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፤ ይህም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን የቤቲቱን እመቤት ሙያ የሚመሰክር ነው። ቀድሞ ልጃገረዶች ሞይ ጋር በሚባለው ቤት ተሰብስበው ስፌቱን ይማሩ ነበር። ዛሬም ለጎብኚ ክፍት የሆኑ ቤቶች ስላሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ገበያው ሲሞቅና ሲያደክም ወደነዚህ ቤቶች መግባት ጥሩ ነው። በር ላይ ሰላምታ ሰጥተው ይጠይቁ፣ ጫማዎን ያውልቁ፣ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ መግቢያ ካለም ሳይከራከሩ ይክፈሉ።

ከዓመታት በፊት ለእህቴ ሠርግ አንድ ትልቅ ስፌት ገዝቼ ነበር። ቀዩ ደማቅ፣ ክዳኑ ሹል፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። በሠርጉ ማግሥት ትኩስ እንጀራ ሲቀመጥበት ግን ቀለሙ ወደ እንጀራው ጠርዝ ሰርጎ ገባ፤ እናቴ ምንም ሳይናገሩ እንጀራውን አነሡት፤ ዝምታቸው ዛሬም ይሰማኛል። በሌላ ጊዜ በጁገል የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ስፌት ሰፊ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ሳጫውታቸው፣ ከእጃቸው ያለውን ጅምር ሥራ ሰጡኝና «ልጄ፣ ገልብጠው» አሉኝ። በጀርባው በኩል የአለላው፣ ማለትም በቀለም የተነከረው ሣር፣ ጫፎች ሁሉ ወደ ውስጥ ተሸጉጠው፣ አንድም ተንጠልጥሎ የቀረ አልነበረም። ከዚያም መልሰው ተቀበሉኝ፤ በውሃ የራሰውን አለላ ከጣሳው አወጡ፣ ያለፈውን ዙር በወስፌ በሱ፣ አለላውን አሾልከው ውስጡን የሚሞላውን የሣር እስር እየጠቀለሉ ጎተቱ። አንዲት ጥልፍ ናት፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። በዚህ አካሄድ ትልቅ ስፌት ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት እንዲህ ያድርጉ። ስፌቱን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ወደ ብርሃን አንሥተው በጥልፎቹ መካከል ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ እንዳለ ይፈትሹ። ከመሐል የሚነሣው የመጀመሪያው ክብ ጠባብና እኩል ከሆነ ሰፊዋ እጇ የሠለጠነ ነው፤ ከመሐል የላላ ስፌት ጠርዙ ቢያምር እንኳ ቆይቶ ይጣመማል። ነጩን መሐረብ አርሰው ፀሐይ ያልነካውን ታችኛውን ክፍል ሻሸት ያድርጉት፤ መሐረቡ ከቀላ ዕቃው ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንደሆነ እንጂ ለምግብ አይሆንም። በሣር ምትክ የሱፍ ክር ወይም የፕላስቲክ ጥብጣብ የገባበትም አለ፤ ሻጩ ይህንኑ ነግሮ በዋጋው ከሸጠው ነውር የለበትም። ሥራው ከልብዎ ከገባ ግን ሰፊዋን «እናቴ፣ ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከሰሙ በኋላ ግማሽ ዋጋ ለመጥራት አፍዎ አይታዘዝልዎትም፤ እኔ ጥቂት ይቀነስልኝ ከማለት አልፌ አልከራከርም። የፈለጉት ቀለም ወይም መጠን ከሌለ ቀብድ ሰጥተው ማዘዝና ከወራት በኋላ መውሰድ ይቻላል፤ እንዲያውም ምርጡ አገዛዝ ይኸው ነው።

የብር ጌጥ የሚሸጠው በክብደት ነው፤ ሚዛኑን ራስዎ ይዩ። ማግኔት የሚስበው ጌጥ ብር አይደለም፤ የማይስበው ሁሉ ግን ብር ነው ማለት ስላልሆነ፣ ቅቡ ሊነሣ የሚችልበትን የመቆለፊያውን መጋጠሚያ በደንብ ይመልከቱ። የድሮ አንጥረኞች ማርትሬዛ ጠገራ ብር እያቀለጡ ይሠሩ ስለነበር ያረጀ ሥራ ወፈርና ከበድ ይላል። ስለ አሮጌ ዕቃ ካነሣሁ ዘንድ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የእጅ ጽሑፍ ቁርአንና መሰል ቅርስ ማንም ቢያቀርብልዎ አይግዙ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እነዚህን ለማየት የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚታወቀው ሕንፃ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ይጎብኙ። በርጫ ሰዓት ሱቆቹ ሲቀዘቅዙ ለዚህ የሚሆን ጊዜ አለ።

ከ10 ሰዓት በኋላ ከተማው እንደገና ይነቃል። ያሰፉትን ልብስ ይቀበሉ፣ እዚያው ይለኩት፤ ማስተካከያ ካለ ሰፊው ቆመው ሳሉ ይጨርስልዎታል። ሄል የሚሸተውን ሐለዋ በመጨረሻ ይግዙ፤ ቀን ሙሉ በፀሐይ ከተያዘ ይቀልጣልና።

ቡናም እንዲሁ የመጨረሻ ይሁን። የሐረርጌ ቡና ከነፍሬው በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ የፍራፍሬ መዓዛ አለው፤ ፍሬው ወደ ቢጫ የሚያደላና መጠኑ የተለያየ መሆኑም የዓይነቱ ጠባይ እንጂ ጉድለት አይደለም። እፍኝ ጥሬ ቡና ወስደው በትንፋሽዎ ሞቅ አድርገው ያሽትቱት፤ የኮመጠጠ ወይም የጆንያ ሽታ ካለው ይተዉት። ለብዙ ወራት የሚሆነውን በጥሬው፣ ለሳምንት የሚሆነውን ብቻ ቆልተው ይውሰዱ፤ የተፈጨ ቡና መዓዛው በቀናት ውስጥ ይሄዳል። ቁጢ ለሚባለው መጠጥ የሚሆን የቡና ቅጠልም ጥቂት ይጨምሩ። ዘንቢሉን ሲያሰናዱ ስፌቱን ባዶውን አይተዉት፤ ልብሱን ውስጡ ከተው ቅርጹን ያስጠብቁ። ቡናውን ግን ከዕጣኑና ከቅመሙ አርቀው ለብቻው ይቋጥሩት፤ ድሬዳዋ እስኪደርሱ ድረስ እንኳ የጎረቤቱን ሽታ ይወስዳል።