ኒኬል-ዚንክ ድንጋይ ለፍላሽ፦ አመራረጡ፣ አሞላሉ፣ የማይገባበት ቦታ

ጥር ለጎንደር ፎቶ አንሺ ፋታ የሌለው ወር ነው። ከተራ አለ፣ በፋሲል መዋኛ የሚታደርበት ሌሊት አለ፣ የጥምቀት ንጋት አለ፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ብዙው ሥራ ብርሃን በሚያንስበት ሰዓት ስለሚሠራ፣ ፍላሹ አንዴ ከበራ በኋላ ለሚቀጥለው እስኪዘጋጅ የሚፈጀው ጊዜ ፎቶውን ያስገኛል ወይም ያሳጣል። ኒኬል-ዚንክ የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ የሚፈለገው ለዚህ ነው። መልኩና መጠኑ ተራው ደብል ኤ ነው፤ ቮልቴጁ ግን ከለመድነው ከፍ ይላል። ጥቅሙም አደጋውም ከዚሁ ስለሚመጣ ቁጥሮቹን በደንብ ያዙ።

ውስጡ

ፖዘቲቩ ኒኬል ኦክሲሃይድሮክሳይድ፣ ኔጌቲቩ ዚንክ፣ በመሃል ያለው ፈሳሽ ደግሞ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ድንጋዩ ሲሠራ ዚንኩ ኤሌክትሮን እየሰጠ ወደ ዚንክ ኦክሳይድ ይለወጣል፣ ኒኬሉም እየተቀበለ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ቻርጅ ሲደረግ ነገሩ ይገለበጣል። እርሳስም ካድሚየምም የለበትም፤ ፈሳሹ ውሃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እንደ ሊቲየም በእሳት አይቀጣጠልም።

ችግሩ ዚንኩ ላይ ነው። ዚንክ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል። ቻርጅ ሲደረግ ተመልሶ ብረት ይሆናል፣ ግን በነበረበት ቦታ እኩል አይነጠፍም፤ አንዱ ጋ ይከማቻል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ቅርንጫፍም ያወጣል። ቅርንጫፉ ዚንኩንና ኒኬሉን የሚለየውን ስስ ሽፋን በስቶ ኒኬሉን ከነካ ድንጋዩ በውስጡ ሾርት ያደርጋል። ኤዲሰን ቻርጅ በሚደረግ ኒኬል-ዚንክ ባትሪ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1901 እ.ኤ.አ. ነበር፤ አየርላንዳዊው ኬሚስት ጄምስ ድረምም ከ1932 ጀምሮ በደብሊን ባቡር አስኪዶበታል። ይህን ሁሉ ዘመን ከገበያ ያራቀው ዋናው ምክንያት የዚንኩ ጠባይ ነው። ዛሬ በፈሳሹና በዚንኩ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች ጉዳቱን አዘግይተውታል እንጂ አላጠፉትም። ስለዚህ በዕድሜ ከጥሩ ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ (የተለመደው ቻርጅ የሚደረግ) ድንጋይ ጋር እንዲፎካከር አትጠብቁ።

ሲገዙ

ማሸጊያው ላይ 2500 የሚል ቁጥር ብዙውን ጊዜ ታገኛላችሁ። አጠገቡ ያለውን ፊደል እዩ፤ ኤም ደብልዩ ኤች ከሆነ ሚሊዋት ሰዓት ነው። 2500ን ለኒኬል-ዚንክ የስም ቮልቴጅ፣ ለ1.65፣ ስታካፍሉት 1500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይመጣል። 2500 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ደግሞ በ1.2 ቮልት ሲባዛ 3000 ሚሊዋት ሰዓት ነው። በጠቅላላ ጉልበት የሚበልጠው ሜታል ሃይድራይዱ ነው ማለት ነው። ኒኬል-ዚንክ የሚገዛው ለፍጥነት እንጂ ብዙ ሰዓት ለመቆየት አይደለም።

በሰው የምታስመጡ ከሆነ የራሱ ቻርጀር አብሮ ይምጣ፤ ያለ ቻርጀሩ ድንጋዩን አትግዙ። 1.5 ቮልት የሚል፣ ጎኑ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ደግሞ ሊቲየም ነው፤ በኒኬል-ዚንክ ቻርጀር አይሞላም።

አሞላል

የሜታል ሃይድራይድ ቻርጀር ድንጋዩ መሙላቱን የሚያውቀው በመጨረሻው ላይ ቮልቴጁ በትንሹ ዝቅ ሲል ነው። ኒኬል-ዚንክ ላይ ይህን ምልክት መጠበቅ አይቻልም፤ ወይ ሳይሞላ ይተወዋል፣ ወይ ከልክ በላይ ይሞላዋል። ሲበዛበት ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ማምለጫው ይከፈታል፣ ፈሳሹ ይወጣል። ትክክለኛው ቻርጀር በማይለዋወጥ ከረንት ይጀምራል፣ እያንዳንዱ ድንጋይ 1.9 ቮልት ሲደርስ እዚያው ይይዘዋል፣ ከረንቱ እየቀነሰ ሲሄድ ያቋርጣል። ለ1500 ሚሊአምፒር ሰዓት በ500 ሚሊአምፒር ሲሞላ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ለብቻው የሚቆጣጠር ቻርጀር ምረጡ፤ ሁለት ሁለቱን አያይዞ የሚሞላው ደካማውን ድንጋይ ይጎዳል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ትንሽ ታገሡ። ቻርጀሩ ሥራውን ከመጀመሪያው ስለሚጀምር መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ድንጋዩን በመልቲሜትር ለኩ። 1.8 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሞልቷል፣ አውጡት። የሞላውንም ሌሊቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ አታሳድሩ።

ፍላሽ ላይ

አራት ሙሉ ኒኬል-ዚንክ እስከ 7.4 ቮልት ይሰጣል። አራት ሜታል ሃይድራይድ በስም 4.8፣ አራት አልካላይን 6 ነው። ቮልቴጁ ስለሚበልጥና ድንጋዩ ከፍተኛ ከረንት ያለ ችግር ስለሚሰጥ የፍላሹ ካፓሲተር (ጉልበቱን አጠራቅሞ ለአምፖሉ የሚለቀው ክፍል) ቶሎ ይሞላል። ጉዳቱም እዚሁ አለ፦ በፍጥነት ስለሚሞላ ሰው በተከታታይ ይተኩሳል፣ አምፖሉና ሰርኪውቱ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያጣሉ፣ ከፊት ያለው ፕላስቲክም ይቀልጣል። በሙሉ ኃይል ከአሥር ጊዜ በላይ አከታትላችሁ አትተኩሱ፤ የፍላሹን ፊት በእጃችሁ ንኩት፣ ከጋለ አቁሙ። ከሁሉ በፊት የፍላሹን መመሪያ አንብቡ፤ የሚፈቅዳቸውን የድንጋይ ዓይነቶች ዘርዝሮ ይህን ካልጠቀሰ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

መሃከለኛ መንገድ አለ። ሦስት ኒኬል-ዚንክ ከአንድ ባዶ ድንጋይ ጋር ማስገባት ነው፤ ባዶ የምንለው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽቦ ብቻ የተገናኘ፣ ደብል ኤ የሚያክል ቀፎ ነው። ሲሞሉ 5.55፣ ሲሠሩ 5 ቮልት ገደማ ስለሚሆን የፍላሹ ልክ ውስጥ ይገባል። ግን ይህ የሚሠራው ድንጋዮቹ በተከታታይ ሲያያዙ ብቻ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከአራቱ አንዱን አውጡ፤ መሣሪያው ፈጽሞ ካልበራ ተከታታይ ነው። ከበራ ጎን ለጎን የተያያዘ ስለሆነ ባዶውን ካስገባችሁ አጠገቡ ያለውን ሾርት ታደርጉታላችሁ።

ሌላም ቦታ ይጠቅማል፦ ብዙ ከረንት በሚስቡ፣ 1.2 ቮልት በሚያንስባቸው አሻንጉሊቶችና አሮጌ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ። ሽቦ አልባ ማይክሮፎን ግን መመሪያው እስከ ስንት ቮልት እንደሚፈቅድ ሳይታወቅ አይገባበትም። ሦስት ትሪፕል ኤ የሚወስደው ርካሹ ኤልኢዲ የእጅ ባትሪ ላይ በፍጹም አታስገቡ፤ አብዛኛው ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ሰርኪውት የለውም፣ ለ4.5 ቮልት የተሠራው ኤልኢዲ 5.55 ሲያገኝ መጀመሪያ በጣም ይደምቃል፣ ከዚያ ይቃጠላል። የግድግዳ ሰዓትና ሪሞትም አይሆንለትም፤ ተቀምጦ ራሱን ቶሎ ያጎድላል።

መቼ ይቆማል

የመሣሪያው የባትሪ ምልክት አይታመንም። ድንጋዩ እስከ መጨረሻው 1.6 አካባቢ ቆይቶ ድንገት ስለሚወርድ ምልክቱ ሙሉ እያለ ፍላሹ ይዘጋል። ስለዚህ በምልክቱ ሳይሆን በሚወስደው ጊዜ ፍረዱ፤ ፍላሹ ከመጀመሪያው ሁለት እጥፍ መዘግየት ሲጀምር አራቱንም ቀይሩ። ተጨምቆ እስኪያልቅ መጠቀም ይገድለዋል፦ ከአራቱ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ሦስቱ በግድ ከረንት ያሳልፉበታል፣ ቮልቴጁ ይገለበጣል፣ ይነፋል ወይም ያፈሳል። ሲያርፍ ከ1.3 በታች እንዲወርድ አትተዉት። ለዚህም አራቱን አንድ ላይ ገዝታችሁ በማርከር ለምሳሌ ሀ1፣ ሀ2 ብላችሁ ጻፉበት፤ ሁልጊዜ አብረው ይሙሉ፣ አብረው ይግቡ፣ ከሌላ ቡድን አይቀላቀሉ።

የታመመውን ለመለየት ሞልታችሁ አውጡና ለሃያ አራት ሰዓት አስቀምጡ። ጤነኛው ከ1.7 በላይ ይገኛል። ከሦስቱ ተለይቶ በጣም የወረደው ጉልበቱ በውስጡ መፍሰስ ጀምሯል። ቻርጀር ላይ የሚግል ወይም 1.9 ፈጽሞ የማይደርስም ሾርት አድርጓል፤ አስወግዱት። ሥራ በማይኖርበት ወቅት ሞልታችሁ፣ ከመሣሪያው አውጥታችሁ፣ ጫፉን ከቁልፍና ከሳንቲም አርቃችሁ በፕላስቲክ ሳጥን አስቀምጡ፤ በየሁለት ወሩም እንደገና ሙሉ።

የድንጋዩ መያዣ ውስጥ ነጭ ዱቄት ካያችሁ የፈሰሰ አልካላይ ነው። ጓንት አድርጉ፣ ድንጋዩን አውጡ፣ በጥጥ ላይ ትንሽ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክራችሁ የብረቱን መገናኛ ጥረጉ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ፣ በመጨረሻም በደረቅ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አዲስ ድንጋይ አታስገቡ። ዓይን ከነካ አቼቶ አይደረግም፤ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሄዳል።