ግረብ «ዴቭ የት አለ?» ሲል፦ ፕሮክ፣ ሲስ እና ዴቭን በችሩት ውስጥ ማውንት ማድረግ

ዝማኔ በመጫን ላይ ሳለ መብራት ሄዶበት አልነሳ ያለ የሊኑክስ ኮምፒውተር እኔ ዘንድ የሚደርሰው ባለቤቱ ከታገለው በኋላ ነው። በፍላሽ አስነስቶ፣ ዲስኩን ኤምኤንቲ በሚባለው ማውጫ ላይ ማውንት አድርጎ (አገናኝቶ)፣ ያንን ማውጫ እንደ ዋና ሥርዓት በሚያስቆጥረው ትዕዛዝ በችሩት ገብቶ፣ ሥርዓቱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም ግረብን ሊጭን ሲል «ለሩት (ለዋናው ማውጫ) መሣሪያ አልተገኘም፤ ዴቭ ማውንት ተደርጓል ወይ?» ተብሏል። መልሱ ከነጥያቄው ፊቱ ተጽፎለት ሳለ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ይደመድማል። አንዱማ አዲስ ዲስክ ገዝቶ ይዞ መጥቷል።

ሂደቶችን፣ ሃርድዌርንና መሣሪያዎችን የሚያሳዩት ማውጫዎች፣ ፕሮክ፣ ሲስ እና ዴቭ፣ ዲስክ ላይ የሉም። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል በማህደረ ትውስታ ውስጥ የሚሠራቸው ናቸው፤ ዲስኩ ላይ ያለው ባዶ ማውጫቸው ብቻ ነው። በችሩት ብቻ መግባት ውሃና መብራት ያልገባለት ቤት ውስጥ እንደ መግባት ነው። ስለዚህ ውጡ። በፍላሹ ሥርዓት ላይ ሆናችሁ ዴቭን፣ በውስጡ ያለውን ፒቲኤስን (የተርሚናሎች ማውጫ)፣ ፕሮክን፣ ሲስንና ረንን (የሚሠሩ ፕሮግራሞች ጊዜያዊ ፋይሎች ማውጫ) አንድ በአንድ፣ አንድን ማውጫ ሌላ ቦታም በሚያሳየው በማውንት ትዕዛዝ የባይንድ አማራጭ፣ በኤምኤንቲ ሥር ካሉት አቻዎቻቸው ጋር አገናኙ። ከዚያ ግቡና ግረብን ጫኑ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ግረብ «የኢኤፍአይ ተለዋዋጮች አይደገፉም» (ኢኤፍአይ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር ነው) ካለ ደግሞ ምክንያቱ ባይንድ በሥሩ ያሉትን ሌሎች ማውንቶች ይዞ አለመሄዱ ነው፤ በሲስ ውስጥ ያለውን፣ ተለዋዋጮቹ የሚገኙበትን ኢኤፍአይቫርስ ለብቻው ጨምሩ። ያም ካልሠራ ፍላሹ የተነሳው በአሮጌው ባዮስ ስልት ነው፤ እንደገና አስነሱት።

ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሚያመጣው አርባይንድ ይቀላል የሚሉ አሉ። ይቀላል፤ ግን በአርስሌቭ አማራጭ ለውጡ ወደ ፍላሹ ሥርዓት እንዳይተላለፍ ካላደረጋችሁት፣ ስትጨርሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስታወርዱ የፍላሹን የራሱን ፒቲኤስም አብራችሁ ታወርዳላችሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ ተርሚናል አይከፈትም።

ያለ ዴቭ በችሩት ውስጥ ጥቅል መጫን ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነውና። አንድ ሰርቨር ላይ የነበረ ችሩት ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ ለገባበት ሰው ይሠራል፤ ሌላው ተጠቃሚ ግን ምንም ቢሞክር «ፈቃድ የለም» ይባላል። ግማሽ ቀን የፋይል ፈቃድ ስፈትሽ ዋልኩ። ለካስ የመጫኛ ስክሪፕቶቹ የተጻፈበትን ሁሉ ወደሚውጠው መሣሪያ፣ ወደ ዴቭ ነል፣ ሲጽፉ ነል ስላልነበረ ተራ ፋይል ተፈጥሯል፤ ባለቤቱም ሩት ነው። ዝርዝሩን አውጥታችሁ የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል ተመልከቱ፦ «ሲ» ካልሆነ ነል አይደለም። አጥፉትና የመሣሪያ ፋይል በሚፈጥረው ትዕዛዝ በኤምኬኖድ፣ በቁጥር 1 እና 3 ፍጠሩት፤ ፈቃዱን 666 አድርጉ።

በችሩት ውስጥ ኢንተርኔት አለ፣ የድረ ገጽ ስም ግን አይፈታም? ብዙውን ጊዜ ረንን ረስታችሁ ነው። ዲስኩ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» ካለ በራም ላይ ያለው ፋይል ሥርዓት ቲኤምፒኤፍኤስ ሞልቷል፤ ገደቡ ካልተቀየረ የራሙ ግማሽ ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያው። ሥራ ያበቃለትን ችሩት ከማጥፋታችሁ በፊት ሁሉንም አውርዱ። ማውንቶችን በሚዘረዝረው ትዕዛዝ በፋይንድማውንት አረጋግጡ። እንደገና አረጋግጡ። ሆምን (የተጠቃሚዎች ፋይሎች ማውጫ) በባይንድ አገናኝቶ ረስቶ ማውጫውን ያጠፋ ሰው የራሱን ሆም ነው የሚያጠፋው፤ የስድስት ዓመት ፎቶግራፍ እንዲህ ሲሄድ አይቻለሁ። በማጥፊያው ትዕዛዝ አርኤም ላይ «በአንድ ፋይል ሥርዓት ብቻ» የሚለውን አማራጭ እጨምራለሁ የምትሉ፣ ሆምና ችሩቱ አንድ ክፍልፋይ ላይ ካሉ አያድናችሁም። ኢኤፍአይቫርስ ደግሞ ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለ ማስቀመጫ ነው፤ እርሱን በማጥፋት ጭራሽ የማይነሱ የሆኑ ላፕቶፖች ነበሩ። በ2016 በወጣው ከርነል 4.5 አብዛኞቹ ተለዋዋጮች በቀላሉ እንዳይጠፉ ተደርገዋል፤ በዚያ ተማምናችሁ ግን አትሞክሩት።

ሲወርድ «ሥራ ላይ ነው» ካለ በፊውዘር ማን እንደያዘው እዩ። በኃይል ለማውረድ አትቸኩሉ፤ ብዙውን ጊዜ የያዘው እዚያው ማውጫ ውስጥ ክፍት ትታችሁት የረሳችሁት ሌላው ተርሚናል ነው።