የመክሰስ ትሪ ለእንግዳ፤ ሥጋው ለብቻው ይሁን

ኢንስታግራም ላይ የምታዩት ያ በቺዝ፣ በሳላሚና በወይን የተሞላ ጣውላ፣ ሻርኩተሪ የሚሉት፣ አሠራሩ ምንም አይከብድም። ምጣድ አይጣድ፣ ሽንኩርት አይቁላላ። አዲስ አበባ ላይ የሚያስቸግረው ማን ምን እንደሚበላ ነው፤ አንዱ ጾመኛ ነው፣ ሌላው ሙስሊም ነው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የፈረንጅ ቺዝ ሲሸታት አፍንጫዋን ትይዛለች።

ስለዚህ ከሥጋው እንጀምር። ሞርታዴላም ሳላሚም ከአሳማ ሊሠራ ይችላል፤ ማሸጊያውን አንብቡ፣ ተቆርጦ የሚሸጥ ከሆነም ጠይቁ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ የበሬውን ያዙ። የበሬ ስለሆነ ግን አላለቀም፣ የእርድ ጉዳይ አለ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይነካም፣ ሙስሊም ያረደውንም ብዙ ክርስቲያን አይበላም። ሥጋውን ከቺዙና ከፍራፍሬው ጋር አንድ ላይ ከደባለቃችሁት ግማሹ እንግዳ ትሪውን እያየ ለስላሳውን ብቻ ጠጥቶ ይሄዳል። በትንሽ ሳህን ለብቻው አድርጉት፣ የራሱ ሹካ ይኑረው፣ የምን ሥጋ እንደሆነም ተናገሩ። በቃ።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሳላሚ ቋንጣ ይሻላል። በጣት የሚያዝ ያህል ቆራርጡት፣ መጥበሻ ላይ በትንሽ ቅቤ አገላብጡት፣ ከርሸም ማለት ሲጀምር አውጡት። ትልልቁን እንዳለ ካቀረባችሁት ሰው ሁሉ ሲያኝክ ጨዋታው ይቆማል።

ቺዝ ሁለት ዓይነት ይበቃል። ጠንካራው አገር ውስጥ የሚሠራው ፕሮቮሎኔ ይሁን፣ ለስላሳው ደግሞ የራሳችን አይብ። አይቡን ግን ዝም ብላችሁ ትሪው ላይ አትቆልሉት፣ ውሃው ወጥቶ ዳቦውን ያርሰዋል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ ጨውና ትንሽ ኮረሪማ ቀላቅሉበት፣ ሲኒ ውስጥ አድርጋችሁ ከላይ ሚጥሚጣ ነስነስ። የቡና ሲኒ እዚህ ላይ ሁነኛ ዕቃ ነው፤ ማሩም፣ አዋዜውም፣ ወይራውም በሲኒ ይቀመጣል። ከምሳ ወይም ከእራት በፊት የሚቀርብ ከሆነ ለአንድ ሰው ቺዝ 50 ግራም፣ ሥጋም 50 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ሌላ ምግብ ከሌለ እጥፍ አድርጉት።

ጣውላ ከሌላችሁ ትሪ ይሆናል። ሽንኩርት የምትከትፉበትን መክተፊያ ግን ተዉት፣ ቺዙ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ሰፌድ ካማራችሁ የታጠበና የደረቀ የኮባ ቅጠል አንጥፉበት፣ ምክንያቱም ቅባት የጠጣ ሰፌድ መቼም አይጠራም። መጀመሪያ ሲኒዎቹን አስቀምጡ፣ ከዚያ ቺዙን፣ የተቆራረጠውን አምባሻ፣ ፍራፍሬውን፣ በመጨረሻ ክፍተቱ ላይ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሙሉበት። ቆሎው ከተቆረጠ ፍራፍሬ ራቅ ይበል፣ ይለዝዛል። አፕልና አቮካዶ ላይ ደግሞ ሎሚ ጠብ አድርጉ፣ አለዚያ ቶሎ ይጠቁራል።

ሰው ሲበዛ፣ ለምርቃት ወይም ለልደት በሉት፣ ትሪውን ትታችሁ በወረቀት ብርጭቆ ለየሰዉ አድሉ። ሰልፍም የለ፣ የሁሉም እጅ አንድ ቦታ አይገባም። ከሥር አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ጠርዙ ላይ የቆመ አምባሻ፣ ከላይ ቺዝ፣ ወይራና ወይን የተሰካበት የእንጨት ስንጥር። ስቴኪኒ አጭር ስለሆነ ቆሎው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፣ ረጅሙን ፈልጉ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቆሎም ለውዝም አትስጡ፣ ወይኑን በቁመቱ አራት ቦታ ቁረጡላቸው፣ ስንጥሩም ይቅር።

ረቡዕና ዓርብ ወይም ሑዳዴ ላይ ከሆነ የብርጭቆው ነገር ይበልጥ ያዋጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡቲቻ ከሥር፣ በቁመት የተቆረጠ ካሮትና ኪያር እላዩ ላይ ተክሉበት፤ አለቀ። ሰናፍጭ የሚወድ ካለ አዚፋ አድርጉለት። እውነቱን ለመናገር ከቺዙ ይልቅ ይሄኛው ቶሎ ያልቃል። ዳቦ ቆሎ ስትገዙ ቅቤ ወይም ወተት እንደሌለው አረጋግጡ፣ አምባሻውም ቅቤ ያልተቀባ ይሁን። የጾሙን በሌላ ቀለም ብርጭቆ አድርጉት፣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ የጾም ነው?» እያለ እንዳይጠይቃችሁ።

ጠንካራውን ቺዝ ከማቅረባችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጡት፣ ቀዝቃዛ ቺዝ ጣዕሙ አይወጣም። ሥጋው፣ ቺዙና አይቡ ግን ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆዩ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት፣ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ 1 ሰዓት ነው ልኩ። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ አንዴ አትደርድሩ፤ ግማሹን ፍሪጅ አቆዩትና ትሪው ሲጎድል በንጹሕ ሳህን አምጡ።