ክረምት፣ ምድጃና መጽሐፍ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌ ገብቷል። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መውጣት ያስጠላል። ጋቢ ደርቦ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጦ፣ የበቆሎ ጥብስ እየቆረጠሙ መጽሐፍ መግለጥ የሚያምረው እንዲህ ያለ ቀን ነው። እኔ ከዓመቱ ሁሉ አብዝቼ የማነበው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ይህን ጊዜ የሚያበላሹ ስህተቶች ግን አሉ። አንዳንዶቹ ከማበላሸትም ያልፋሉ።

ከሁሉም በፊት ስለ ከሰሉ ላውራ። ብርድ እንዳይገባ ብለን በርና መስኮት ዘግተን፣ የከሰል ምድጃ አጠገባችን አድርገን እናነባለን። ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ እየተነፈስን እንታፈናለን።

«ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ ችግር የለውም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚያሳስበኝ ይሄ አባባል ነው። ጭስ ቢኖር ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ያስለናል፣ ተነስተን በር እንከፍታለን። ፍሙ ግን ያንኑ ጋዝ ዝም ብሎ ያወጣል። ዕጣን ቢጨስበትም አይጠፋም።

መጽሐፍ ለያዘ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል፣ ምልክቶቹ ከማንበብ ድካም ጋር ይመሳሰላሉና። ራሱን ሲያመው «ዓይኔ ደከመ» ይላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው «ሙቀቱ ነው» ብሎ ጋቢውን ይበልጥ ይከናነባል። እኔም አንድ ነሐሴ ማታ አንዱን መስመር አራት ጊዜ አነበብኩት። ፊደሉ ይታየኛል፣ ትርጉሙ ግን እምቢ አለ። እህቴ በሩን ከፍታ ስትገባና ቀዝቃዛው አየር ሲመታኝ ነው የባነንኩት። ከዚያ ወዲህ ምድጃው በረንዳ ላይ ነው፣ እኔም እዚያው እቀመጣለሁ። ዝናቡ ካስቸገረና ምድጃው ወደ ውስጥ ከገባ መስኮቱ ይከፈታል፣ መስኮት መክፈት ብቻውን ግን አደጋውን አያስቀርም። ማንም ሰው ጋደም ከማለቱ በፊት ምድጃው ከቤት ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ፣ ሕክምናም ሂዱ። ያቺን ምዕራፍ ልጨርስ አትበሉ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ለምድጃ ዳር የሚሆን መጽሐፍ ቀላልና አስደሳች መሆን አለበት ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ፍቅር እስከ መቃብርን እንውሰድ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ መጨረሻው እንደሚያስለቅስ ርዕሱ ራሱ ይናገራል። ግን ከእሱ የሚሞቅ መጽሐፍ አላውቅም። ገብተህ የምትኖርበት አገር አለው። የጎጃም ባላባት ቤት፣ የባላባቱ ልጅ ሰብለ፣ ግብሩ፣ የቆሎ ተማሪው ኑሮ፣ የጉዱ ካሳ ንግግር፣ ሁሉም ጊዜ ተሰጥቶት ይተረካል። ዝናብ ሲዘንብ የሚፈለገው ይሄ ነው፣ የማይቸኩል መጽሐፍ። ሐዘኑም ቢሆን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰውን አያስደነግጥም።

ጥሩ መጽሐፍ ሁሉ ለዚያ ሰዓት ይሆናል ማለትም አይደለም። የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ እወደዋለሁ፣ ግን ማታ እሳት ዳር አልይዘውም። ሩጫው ልብ ያንጠለጥላል። በዚያ ላይ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በወጣ በአጭር ጊዜ ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ ደራሲውም በዓመቱ ወጥቶ እንደቀረ እያወቁ ማንበብ ይከብዳል። እሱን ለቅዳሜ ጠዋት፣ ከቡና ጋር።

ወፍራሙን መጽሐፍ ዘግይቶ መጀመርም አለ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የተጀመረ ረጅም ልብ ወለድ ጳጉሜን ላይ ግማሽ አይደርስም። ከዚያ መስከረም ይጠባል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ መጽሐፉ ምልክት እንደተደረገበት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ወፍራሙን ሰኔ መጨረሻ ላይ ጀምሩት። ለነሐሴ አጫጭር ልብ ወለዶች ይበቃሉ።

መጽሐፉን ከአዟሪ ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት የመጨረሻ ገጾቹን ገልጣችሁ እዩ። በዝናብ ማታ ታሪኩ ጫፍ ላይ ደርሶ አሥር ገጽ ጎድሎ ማግኘት ያናድዳል። በፎቶ ኮፒ የተባዛውን ደግሞ ተዉት። ደራሲውን ይጎዳል፣ የደበዘዘው ፊደልም በምሽት ብርሃን አይነበብም። የእሳት ብርሃን ብቻውን ለማንበብ አይበቃም፣ መብራት ከትከሻችሁ በላይ ይኑር።

መጽሐፉን ወደ ፍሙ አታስጠጉት። በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይላላና ገጹ ይረግፋል። እርጥበቱም ጠላት ነው። መደርደሪያውን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ አለዚያ መስከረም ላይ ሻጋታ ታገኛላችሁ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን ለየብቻ፣ በዝምታ ማንበባችን ነው። እሳት ዳር እኮ የተረት ቦታ ነበር። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ሰው ሳይኖር ተረት አይጀመርም። ፍቅር እስከ መቃብርም ቢሆን ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰው በድምፅ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። ዛሬም ያንን ትረካ እያስታወሰ የሚያነብ ሰው ሞልቷል። ከእኛ ማንም እንደ ወጋየሁ ማንበብ አይጠበቅበትም። ተራ በተራ፣ በማታ አንድ ምዕራፍ ይበቃል። ልጆች መሃል ላይ ቢጠይቁ አታስቁሟቸው። የከበደውን ቃል አዋቂ ያስረዳ።

እኛ ቤት ይህን የጀመርነው መብራት የጠፋ ማታ ነው። አንዱ ባትሪ ይይዛል፣ አንዱ ያነባል። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። መጀመሪያ ላይ የሚሰሙ አይመስሉም ነበር፣ ጥጥ እየፈተሉ ዝም ይላሉ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ አልጠፋም፣ እኛም መጽሐፉን ረስተነዋል። ራት ተበልቶ ሲያበቃ እንዝርታቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ያቺ ሰብለ እንዴት ሆነች?»