ጎንደርን በሁለት ሌሊት፦ ከግንቡ እስከ አዝማሪ ቤት እንዴት ማቀድ እንደሚቻል

ጎንደር ለአጭር ጉዞ የተመቸች ከተማ ናት። ግንቡ፣ ፒያሳና አራዳ ገበያ ተቀራርበው ስለሚገኙ ቅዳሜና እሑድን ሳይዋከቡ ማሳለፍ ይቻላል። አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ አለባችሁ፤ የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ማየት።

ቀኑን በጾሙ ምረጡ

በዐቢይ ጾም ብትሄዱ ግንቡና አድባራቱ አሉ፤ ሥጋ ቤቶቹ ግን ይዘጋሉ፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን ይሰቅላል። ምሽቱንም የምትፈልጉት ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ምረጡ፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጥቅምትም መልካም ነው፤ ዝናቡ አልፎ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ የነቢያት ጾምም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ጥምቀት፣ ማለትም ከጥር 10 እስከ 12፣ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ አልጋ ከወራት በፊት ይያዛል፣ ከተማውም በሕዝብ ይሞላል። ለእርሱ ሌላ ጊዜ መድቡ።

መድረሻና ማረፊያ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከባሕር ዳር በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ወደምታርፉበት ሆቴል ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና ማታ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቁ፤ የምሽቱ ዕቅድ በሙሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል። ማረፊያችሁ ፒያሳ አካባቢ ቢሆን ብዙውን ነገር በእግር ትጨርሳላችሁ። ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ማታ ይበርዳል፤ ጃኬት ወይም ጋቢ ያዙ።

የመጀመሪያው ከሰዓት ለግንቡ

ዕቃችሁን አስቀምጡና ከጃንተከል ዋርካ ጀምሩ፤ የግቢው በር ከዚያ ቅርብ ነው። ከ9 ሰዓት በፊት ባትገቡ ይሻላል፤ ፀሐዩ ሲበርድ ድንጋዩ ቀለሙን ያወጣል። መዝጊያው ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን በሩ ላይ ጠይቁ። ቲኬት ስትቆርጡም የፋሲል መዋኛን ይጨምር እንደሆነ አረጋግጡ፣ ቁራጩንም አትጣሉት።

አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ነው። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ሕንፃ ሠርተዋል፤ ግቢው የትውልድ ቅብብል ነው። ብዙ ሰው በፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል፤ እኔን ያሳዝነኛል። ወደ ውስጥ ዝለቁ። የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ ጣሪያው የፈረሰውን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ፣ የአንበሶቹን ቤትና በስተመጨረሻ የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ እዩ። በ1934 ዓ.ም. ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ በነበረው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ግቢውንም ጎድቶታል። ይህን ሁሉ ድንጋዩ ብቻውን አይነግራችሁም፤ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሥላሴ

ፉል ወይም ፍርፍር ቀምሳችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተነሱ። ማለዳው ይመረጣል። ነጠላ አድርጉ፣ ጫማ አውልቁ፣ ቀና በሉ፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ያዩአችኋል። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ደብር ተረፈ፤ የአገሩ ሰው የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ ይናገራል። ካህናቱን ጠይቋቸው፣ ከእነርሱ አፍ መስማት ይለያል።

ቀን እየዞራችሁ ብሉ

ከሥላሴ መልስ ወደ አራዳ ውረዱ። የመንገድ ዳሩ ምግብ እንደ ወራቱ ነው። በክረምት መውጫ በከሰል የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፣ በጥር አካባቢ የሽንብራ እሸት፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ምስር ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ። ምክሬ አንድ ነው፦ ፊታችሁ ከዘይት የሚወጣውን ብሉ፣ ጠዋት ተጠብሶ የተደረደረውን እለፉት። ከዚያ ጭማቂ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ፣ ወይም ቄጠማ ከተጎዘጎዘበት የጀበና ቡና። ሁለተኛውን ስኒ ሳትጠጡ አትነሱ።

ምሳ ላይ ሥጋ ቤት ከገባችሁ ሥጋው ከተሰቀለበት ላይ ራሳችሁ አይታችሁ በኪሎ እዘዙ። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ሸክላ ጥብስ ይበቃል፤ ማታም አለና።

ምሽቱ

ፀሐይ ስትጠልቅ ጎሃ ኮረብታ ላይ ሁኑ፤ ከተማው ከነግንቡ ከታች ይታያል። እራት በልታችሁ ወደ አዝማሪ ቤት። ቤቱን የሆቴሉ ሠራተኛ ወይም ባጃጅ ነጂው ይጠቁማችሁ፤ የዚያን ሰሞን ማን ደህና እንደሚጫወት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ዝርዝር ብር አዘጋጁ። አዝማሪው መልካችሁን፣ አለባበሳችሁን፣ አብሯችሁ የመጣውን ሰው አይቶ ይገጥምባችኋል፤ አትቆጡ፣ ጨዋታው ይህ ነው። ግጥም ካላችሁ «ተቀበል!» በሉና ስንኙን ስጡት፣ በማሲንቆው አዙሮ ይመልስላችኋል። ሲያስደስታችሁ ሸልሙት። እስክስታው ሲጀመር ተነሱ፣ ትከሻው እሺ ባይልም የሚታዘባችሁ የለም። ጠጁ በብርሌ ሲመጣ ቀስ እያላችሁ ጠጡ፤ የሚጣፍጠው ጠጅ እግር ይይዛል። አስተናጋጇ ሒሳቡን ዙር በዙር ብትነግራችሁ ለሁለታችሁም ይቀላል።

የመጨረሻው ጠዋት

ባጃጅ ይዛችሁ ቁስቋም ውጡና በእግር ውረዱ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ በግድግዳው ላይ የተቀረጹት መስቀሎች፣ የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም እዚያ አለ። ስትወርዱ ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚጠለፍለትን የፋሲል መዋኛን ጎብኙ፤ ከጥምቀት ሰሞን ውጪ ገንዳው ባዶ ቢሆንም ዛፎቹ ሥሮቻቸውን በአጥሩ ድንጋይ ላይ እንዴት እንዳፈሰሱ ማየት ብቻውን ያስኬዳል። ጊዜ ካጠረ ቁስቋምን አስቀሩ እንጂ መዋኛውን አትዝለሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፣ ከከተማው ወደ 18 ኪሎ ሜትር። መኪናውን ከዋዜማው ተዋዋሉ፣ የነጂውንም ስልክ ያዙ።